ዶክተር አይዞህና የተጣበቀው ኪቦርድ

የጥርስ ሐኪሙን እውነተኛ ስም የሚያውቅ የሰፈር ሰው ጥቂት ነው። ወንበራቸው ላይ ለተቀመጠ ሁሉ፣ ሕፃንም ይሁን ሽማግሌ፣ መርፌው ብቅ ከማለቱ በፊት «አይዞህ፣ እኔ እያለሁ ምን ትሆናለህ?» ስለሚሉ መንደሩ ሁሉ «ዶክተር አይዞህ» ይላቸዋል። እሳቸውም ስሙን ወደውታል። ከራሳቸው ስም ይልቅ በዚህኛው ሲጠሩ ነው ቶሎ ዞር የሚሉት።

በንጽሕና የሚታሙ ሰው አልነበሩም። ጥርስ መንቀያቸውንና ትንሿን መስተዋታቸውን በእንፋሎት ሳያስቀቅሉ ለሌላ ሰው አፍ አያውሉም። ጓንት ሳያጠልቁ የሰው ከንፈር አይነኩም። ረዳታቸው፣ ምላሷ እንደ እጇ የፈጠነ ነርስ፣ «ዶክተር እኮ ቤታቸውም ማንኪያውን ሳይቀቅሉ አይጎርሱም» እያለች ታሾፍባቸዋለች። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን ሰው በለመደው ነገር ይጠነቀቃል እንጂ ትናንት ቤቱ ለገባ እንግዳ ዕቃ ጥንቃቄውን ከየት ያመጣዋል? የዚህ ታሪክ ጣጣ የመጣው ከዚያ ነው።

እንግዳው ዕቃ ኮምፒውተር ነበር። ድሮ የጥርስ ራጅ በፊልም ተነስቶ፣ በጨለማ ክፍል ታጥቦ፣ በመስኮት ብርሃን ነበር የሚታየው። አሁን ግን ምስሉ ወዲያው ስክሪን ላይ ድቅን ይላል። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ከታካሚው ወንበር አጠገብ፣ እጅ በሚደርስበት ቦታ ተቀመጠ። ዶክተር አይዞህ መጀመሪያ ፈሩት፤ ቀጥሎ ለመዱት፤ በመጨረሻም ያለ እሱ መሥራት አቃታቸው። እየዋለ እያደረ ግን ኪቦርዱ አመል አወጣ። አንዱን ቁልፍ ሲጫኑት ድምፁን ያጠፋል፤ ሌላውን ሲነኩት ሳያዙት አሥር ፊደል ይደረድራል።

አንድ ማለዳ ኪቦርዱን በፌስታል ጠቅልለው ወደ ኮምፒውተር መጠገኛ ሱቅ ይዘውት ሄዱ። እዚያ ሳያስቡት የእህታቸውን ልጅ አገኟት። በትልቁ ሆስፒታል ኢንፌክሽን እንዳይዛመት በሚቆጣጠረው ክፍል የምትሠራ ወጣት ናት፤ የላፕቶፗ ቻርጀር ተበላሽቶባት ነው የመጣችው።

«ጋሼ! እርስዎ ደግሞ እዚህ ምን እግር ጣለዎት?» አለች ጎንበስ ብላ ትከሻቸውን እየሳመች።

«ምን እባክሽ፣ ይኼ ዕቃ ዕድሜዬን አይቶ ይቀልድብኛል» አሉና ኪቦርዱን ለጠጋኙ ሰጡት።

ጠጋኙ ኪቦርዱን ገልብጦ ጠረጴዛው ላይ ኳ ኳ አደረገው። ነጭ ብናኝ ረገፈ። ቀጥሎ አንዲት ቁራጭ ጥጥ ወደቀች። «ዶክተር፣ ይኼ ኪቦርድ ነው ወይስ የዱቄት ወንፊት?» እያለ እየሳቀ ወደ አፉ አስጠግቶ ሊነፋበት ጉንጩን ሞላ።

«እንዳትነፋበት!» ብላ ወጣቷ ጮኸች። ከእጁም መነጨቀችው።

ጠጋኙ ጉንጩን እንደሞላ ቀረ። ዶክተር አይዞህ አንዴ ልጅቷን፣ አንዴ ኪቦርዱን ያያሉ፤ የሆነው ነገር አልገባቸውም። ቦምብ ይዘው የመጡ ይመስል ሁሉም ከጠረጴዛው ፈቀቅ ብሏል።

«ምነው ልጄ? ምን አየሽ?»

«ጋሼ፣ ይኼ የሕክምና ክፍልዎ ኪቦርድ ነው? ከወንበሩ አጠገብ ያለው?»

«አዎን። ታዲያ የማን ይሆናል?»

ኪቦርዱን በፌስታሉ መልሳ አሰረች፤ ጠጋኙን ይቅርታ ጠይቃ እጁን እንዲታጠብ ለመነችው። ዶክተር አይዞህ ከማፈራቸው የተነሣ አዲስ ነጭ ኪቦርድ ገዝተው ተከትለዋት ወጡ። ሱቁ በር ላይ ደርሰውም ያፈሩት በምን እንደሆነ ገና አላወቁትም።

የእግረኛውን መንገድ ይዘው ወደ ክሊኒኩ ሲሄዱ መጀመሪያ የተናገሩት እሳቸው ናቸው።

«ሰው ፊት አሳጣሽኝ እኮ። ጥፋቴ ምንድን ነው?»

«ይቅር ይበሉኝ ጋሼ፣ ደንግጬ ነው። ያ ነጭ ብናኝ የምን ይመስልዎታል?»

«አቧራ ነዋ።»

«ጥርስ ሲቦረቡሩ የሚበንነውስ የት ይሄዳል?»

አሰቡ። ማሽኑ ሲሽከረከር ውኃ ይረጫል፤ ውኃው ከምራቅና ከደም ጋር ተቀላቅሎ እንደ ጭጋግ ይነሣል። እሱንማ ያውቁታል፤ ጭንብል የሚያደርጉትም ስለዚያው ነው። ነገር ግን ያ ጭጋግ የት እንደሚያርፍ አንድ ቀን እንኳ ጠይቀው አያውቁም።

«እሺ፣ ጥቂት ብናኝ ያርፍበት። ኮምፒውተር ሰው አፍ ውስጥ አይገባ! አፍ ውስጥ የሚገባውን እኔ እቀቅላለሁ።»

«ኮምፒውተሩ አይገባም፤ ኮምፒውተሩን የነካው እጅ ግን ይገባል።»

«በጓንት ነዋ!»

«ጓንቱ የእርስዎን እጅ ይጠብቃል ጋሼ። ኪቦርዱን ማን ጠበቀው? አፍ ውስጥ የነበረው ጓንት ራጁን ለማየት ማውሱን ይነካል። ያ ታካሚ ይሄዳል፤ እርስዎም ጓንቱን ጥለው አዲስ ያጠልቃሉ። አዲሱ ጓንት ያንኑ ማውስ ነክቶ ሌላ ሰው አፍ ውስጥ ይገባል። እንግዲህ ጓንት መቀየሩ ምን ፈየደ?»

ሐኪሙ መንገድ ላይ ቆሙ።

«ስሚኝ ልጄ። ይኼን ሥራ ስሠራ ፀጉሬ ሸብቷል። ከእኔ ወንበር ተነሥቶ የሞተ ሰው ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«እህ! እንግዲያ?»

«እርስዎስ ያውቃሉ? አንድ ሰው ከእርስዎ ዘንድ ወጥቶ ከሳምንታት በኋላ ጉበቱን ቢያመው ‹ያ የጥርስ ሐኪም ኪቦርድ ነው› ይላል? ተመልሶስ ይነግርዎታል? አንዳንዱ የጉበት ቫይረስ እኮ በደረቀ ዕቃ ላይ ለቀናት ሳይሞት ይቆያል። እኔ ሰው ጎድተዋል አልልም፤ እሱን የማውቅበት መንገድ የለኝም። እርስዎም አልጎዳሁም የሚሉበት መንገድ የለዎትም። እኔን የሚያስፈራኝ ሁለታችንም አለማወቃችን ነው።»

ዶክተር አይዞህ እንዲህ ያለ ክርክር አልለመዱም። ሰው «አጥፍተዋል» ቢላቸው ይቆጣሉ፤ «አላጠፉም» ቢላቸው ይደሰታሉ። «አይታወቅም» ለሚል ሰው ግን የሚቆጡበትም የሚደሰቱበትም ቦታ ጠፋቸው።

የክሊኒኩ ደረጃ ጋ ሲደርሱ ልጅቱ በልቧ የያዘችውን ከባድ ነገር አወረደችው።

«ጋሼ፣ እማዬ ሐሙስ እርስዎ ዘንድ ቀጠሮ አላት።»

«አውቃለሁ። ታችኛው መንጋጋዋ ነው፤ ጥርሱ መነቀል አለበት።»

«ለካንሰሩ የምትወስደው መድኃኒት የሰውነቷን መከላከያ አድክሞታል። ሐኪሞቿ ‹ይነቀል፤ ግን ጥንቃቄ ይደረግ› ብለዋል። ለሌላው ሰው ቀላል የሚሆነው ጀርም ለእሷ ቀላል አይደለም። ያንን ኪቦርድ ካየሁ በኋላ ሌላ ቦታ ልውሰዳት አስቤያለሁ።»

ታላቅ እህታቸው ማለት ለዶክተር አይዞህ እናት ናቸው። እናታቸው በልጅነታቸው ሲሞቱባቸው አጥበው፣ አብልተው፣ ቀጥተው ያሳደጓቸው እሳቸው ናቸው። ሐኪም ሆነው የመጀመሪያውን ጥርስ የሞሉትም በእኚሁ እህታቸው አፍ ነው።

«እህቴን እኔ ካላየኋት ማን ሊያያት ነው?» አሉ ቀስ ብለው።

«እኔም እሱ ነው የጠፋኝ፣ ጋሼ። እሷ ከወንድሜ በቀር አፌን ለማንም አልከፍትም ትላለች። እኔ ደግሞ ዓይኔ እያየ ላስቀምጣት አልችልም። ምን እንደማደርግ ግራ ገብቶኛል።»

ግራ መጋባቱ ለሁለቱም ተዳረሰ። እሳቸው ቀና ብለው የክሊኒካቸውን በር አዩ፤ እንግዳ ቤት መሰላቸው። ከዚያ ድንገት እልህ ያዛቸው።

«ነይ ግቢ። ማዕዘን ላይ ተቀመጭና ስሠራ እይኝ። ከዚያ በኋላ ፍረጂ።»

የመጀመሪያው ታካሚ የተቦረቦረ ክራንቻ ያለው የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። ረዳቷ አዲሱን ነጭ ኪቦርድ ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኘችው። ዶክተር አይዞህ እጃቸውን በሳሙና እስከ ክርናቸው ታጠቡ፤ ጓንትና ጭንብል አደረጉ፤ «አይዞህ፣ እኔ እያለሁ ምን ትሆናለህ?» አሉ። ሥራቸው እንደ ሁልጊዜው ያማረ ነበር። ቦረቦሩ፤ ሞሉ፤ ራጁን ደግመው አዩ። በመጨረሻም ሙሊቱ ከፍ እንዳይል ለመለካት ያቺን ሰማያዊ ቀለም ያላትን ስስ ወረቀት ሾፌሩን አስነከሱት። ወረቀቷ ጥርሱ በተጋጨበት ቦታ ሰማያዊ ነጥብ ትተዋለች፤ ሐኪሙም ነጥቡን አይቶ ትርፉን ይሞርዳል። አስነከሱት፤ ሞረዱ፤ ራጁን አዩ፤ ደግመው አስነከሱት። ሾፌሩ አመስግኖ ወጣ።

«እህስ?» አሉ ጓንታቸውን አውልቀው እየጣሉ። «የትኛው ላይ ቆሸሽኩብሽ?»

«ኪቦርዱን ይመልከቱልኝ» አለች ልጅቱ ከተቀመጠችበት ሳትነሣ።

ዶክተር አይዞህ መነጽራቸውን አስተካክለው ጎንበስ አሉ። ከዚያ ግንባራቸው ተኮማተረ።

«ይኼ ኪቦርድ ቀለም ያፈሳል እንዴ?»

በነጩ ረጅም ቁልፍ ላይ ሰማያዊ የጣት ምልክት ነበረ። ማውሱ ጀርባ ላይም አለ። ስክሪኑን ወደ ራሳቸው ያዞሩበት ጠርዝ ላይም አለ።

«ዛሬ ተገዝቶ ዛሬ ቀለም ይለቃል? አታለለኝ ያ ልጅ! ቆይ እመልስለታለሁ…»

ረዳቷ ከንፈሯን ነክሳ ወደ ጣሪያው ታያለች። እሳቸው ሰማያዊውን በጣታቸው ሊጠርጉ እጃቸውን ሲዘረጉ የጣሉት ጓንት ዓይናቸው ገባ። ከቆሻሻ መጣያው ጠርዝ ተንጠልጥሏል፤ የአውራ ጣቱና የሌባ ጣቱ ጫፍ ሰማያዊ ነው። እጃቸው እንደተዘረጋ ቀረ።

«እኔ… አልነካሁትም እኮ» አሉ።

«ደጋግመው ነክተውታል ጋሼ። ልብዎ ጥርሱ ላይ ስለነበር አላወቁትም። ጎበዝ ሐኪም ስለሆኑ ነው ያላወቁት።»

«ይኼ ሰማያዊ እንግዲህ…»

«ቀለሙ የወረቀቱ ነው። ያረጠበው ግን የሾፌሩ ምራቅ ነው። ወረቀቱ ባይኖርም ምራቁ በየቀኑ እዚያው ነበር፤ ቀለም ስለሌለው አይታይም እንጂ።»

ዶክተር አይዞህ ታካሚው ወንበር ላይ ዝርግት ብለው ተቀመጡ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከላይ ሆነው ያዩትን ወንበር ከታች ሆነው ሲያዩት ክፍሉ ሌላ መሰላቸው። የት የት እንደነኩ ሊያስታውሱ ሞከሩ፤ መብራቱን፣ መሳቢያውን፣ ማውሱን። አልቻሉም። የራሳቸው እጅ ሳያማክራቸው ሲዞር የዋለ ሌላ ሰው እጅ መሰላቸው። ነውሩን ከማመን ይልቅ መካዱ የሚቀላቸው ሰዎች ብዙ ናቸው፤ እሳቸው ግን ቢያንስ ዓይናቸው ያየውን አልካዱም። ለዚህም ሊመሰገኑ ይገባል።

ይሁን እንጂ ማመንና ማወቅ አንድ አይደሉም። ልጅቱ ወደ ሥራዋ እንደሄደች ዶክተር አይዞህ በቁጣ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ወለል የሚታጠብበትን ጠንካራ የጀርም መድኃኒት አንሥተው ኪቦርዱን፣ ማውሱንና ከሥር ያለውን ኮምፒውተር ሳይቀር እንደ አበባ አጠጡት።

«ዶክተር! መብራት እኮ አልተነቀለም!» ብላ ረዳቷ ጮኸች።

ጩኸቷ ዘገየ። ስክሪኑ ላይ ማንም ሳይነካው «ረረረረረረ» የሚል ተጀመረ፤ መሥመሩን ሞልቶ ወደሚቀጥለው ወረደ። ቀጥሎ የአንዲት ወይዘሮ የመንጋጋ ራጅ ብቅ አለ፤ እሱም ጠፋ። ከዚያ ሁሉ ነገር ጨለመ።

«ምን አልኩ አሁን እኔ?» አሉ ዶክተር አይዞህ፣ መርጫው በእጃቸው እንዳለ። «አጽዱ ተባልን፤ አጸዳን። ሞተ! ቆሻሻ ሆኖ ይሠራ ነበር፤ ንጹሕ ሆኖ ሞተ!»

በማግስቱ ኮምፒውተሩን የጠገነው ሰው ፈሳሹ ደርቆ ዕቃው ስለተነሣ ዕድለኛ እንደሆኑ ነገራቸው። እሳቸውም ሁለተኛ ፈሳሽ ላያስጠጉት ምለው ሌላ ብልሃት ፈለጉ። አዲስ ኪቦርድ አመጡና ምግብ በሚሸፈንበት ስስ ፕላስቲክ ከነማውሱ ግጥም አድርገው ጠቀለሉት። ቀኑን ሙሉ በዚያው ሠሩ፤ ደስም አላቸው። ከሰዓት በኋላ የእህታቸው ልጅ ስትመጣ በኩራት አሳዩአት።

«ይኸው! አሁንስ ምን ይወጣለታል?»

ልጅቱ ፕላስቲኩን ጎንበስ ብላ አየችው። ነጠብጣብ ነበረበት።

«ጋሼ፣ ይኼን ሽፋን መቼ አደረጉት?»

«ጠዋት።»

«ከዚያ ወዲህስ ስንት ሰው ታከመ?»

«ኧረ ዛሬ ሰው ሲጋፋ ነው የዋለው!»

ልጅቱ መሳቋን መደበቅ አልቻለችም። እሳቸው ግን ትዕግሥታቸው አለቀ።

«ምን ያስቅሻል? ‹አልተጠበቀም› አልሽ፤ ሸፈንኩት! ስረጭበት ይሞታል፤ ስሸፍነው ትስቂያለሽ! ምን ላድርገው? ወደ ውጭ አውጥቼ ልጣለው? ራጅስ በምን ልይ? ግራ አጋባሽኝ እኮ ልጄ!»

«ሸፍነዋል፤ ኪቦርዱ ንጹሕ ነው። ሽፋኑንስ ማን ይሸፍነዋል?»

ዶክተር አይዞህ የፕላስቲኩን ጠርዝ ገልጠው ሥሩን አዩ።

«እንደ ጓንት ያስቡት ጋሼ። አንዱን ጓንት ለሁለት ሰው ያደርጋሉ?»

«ምን በወጣኝ!»

«ይኼም የኮምፒውተሩ ጓንት ነው።»

አንዳንድ ጊዜ ብዙ ቃል ያልፈታውን ነገር ለሰው በገዛ ሙያው ቋንቋ የተነገረው አንድ ቃል ይፈታዋል። ዶክተር አይዞህ ፕላስቲኩን አዩ፤ እጃቸውን አዩ።

«ገና አሁን ገባኝ» አሉ። «እኔ ዕቃውን ከዕቃዎቼ ለይቼ የቢሮ ዕቃ አደረግሁት። ለካ ወንበሬ አጠገብ ካለ እሱም የሕክምና ዕቃ ነው።»

በዚያኑ ምሽት አንድ ከባድ ነገር አደረጉ፤ ለእህታቸው ስልክ ደወሉ።

«እትዬ፣ ሐሙስ እንዳትመጪ።»

«ምን? ልጄ ናት አይደል? እሷ እኮ እንኳን ሰው አየሩንም ካላጠብኩ የምትል ናት!»

«እሷ አይደለችም። እኔ ነኝ።»

«አንተ?» ድምፃቸው ቀነሰ። «ምን አደረግሁህ? አልፈልግሽም ማለትህ ነው? ጥርሴ እኮ እንቅልፍ አሳጥቶኛል።»

በሰው ሕመም ላይ «አይዞህ» ለማለት ያልቸገራቸው ሰው ለገዛ እህታቸው «አይዞሽ» ማለት ከበዳቸው።

«እትዬ፣ ወንበሬ ገና ለአንቺ አልነጻም። ትንሽ ታገሺኝ። ማስታገሻውን ሐኪሞችሽ ባዘዙት መጠን ውሰጂ፤ እብጠት ወይም ትኩሳት ካየሽ ግን ሳትውዪ ሳታድሪ ወደ ሆስፒታል ሂጂ። እኔ ራሴ መጥቼ እወስድሻለሁ።»

እህታቸው «አንተ ልጅ፣ ደህና ነህ ግን?» ብለው ስልኩን ዘጉ። ስለ ጥርሳቸው መጨነቁን ትተው ስለ ወንድማቸው መጨነቅ ጀምረው ነበር።

በማግስቱ ልጅቱና ረዳቷ ተቀምጠው ከሐኪሙ ጋር መከሩ። ረዳቷ መጀመሪያ አልተዋጠላትም።

«እሺ፣ ለእያንዳንዱ ሰው ሽፋን ልቀይር፤ ልጥረግ፤ እጄን ልታጠብ። ውጭ የሚጠብቀው ሰውስ? በሩን ሰብሮ ይገባል!»

«እህቴ፣ መንቀያውን ስትቀቅይ ሰው አይጠብቅም?» አለች ልጅቱ።

«ይጠብቃል።»

«ለምን ዝም ይላል?»

ረዳቷ አሰበች። «ምክንያቱን ስለሚያውቅ ይመስለኛል።»

«ይኼንንም ሲያየው ያውቀዋል። ፊቱ አሮጌውን ሽፋን ጥለሽ አዲሱን ስታለብሺ ካየ፣ ‹ይኼ ለእኔ የተደረገ ነው› ብሎ ደስ ይለዋል እንጂ አይቆጣም።»

«ቤቴ የማልሠራውን ቤት አያያዝ እዚህ ልሠራው ነው» አለች ረዳቷ፤ ግን ሽፋኑን ለመቁረጥ መቀሱን ያነሣችው እሷው ነበረች።

እንዲህም ተስማሙ። ከሁሉ በፊት ማን ምን እንደሚነካ ተለየ፤ አፍ የነካ ጓንት ኮምፒውተር አይነካም። በሥራ መሀል ራጅ ማየት ካስፈለገ ሐኪሙ ይናገራሉ፤ ንጹሕ እጅ ያላት ረዳት ማውሱን ትይዛለች። እሷ ከሌለች ጓንት ወልቆ እጅ ይታጠባል። ሰው በተነሣ ቁጥር ሽፋኑ ከነቆሻሻው ወደ ውስጥ ተጠቅልሎ ይጣላል፤ እጅ ይታጠባል፤ ከዚያ አዲሱ ይደረጋል። ሽፋኑ ከተቀደደ ወይም ከሥሩ እርጥበት ከታየ ኪቦርዱም ይጠረጋል። ሲጠረግ ፈሳሽ አይረጭበትም፤ ለኤሌክትሪክ ዕቃ የተፈቀደ መድኃኒት በነካ ጨርቅ፣ ዕቃው ጠፍቶ፣ ይታሻል። መድኃኒቱም ጀርሙን ለመግደል ጊዜ ስለሚፈልግ በጠርሙሱ ጽሑፍ ላይ ለታዘዘው ጊዜ ያህል እርጥብ ሆኖ ይቆያል። በየቁልፉ መሀል ስንጥቅ ያለበት ኪቦርድ ቀርቶ፣ ገጹ ልሙጥ የሆነና የሚጠረግ ገባ። አየር እየሳበ የሚበርደው የኮምፒውተሩ ሣጥንም ጭጋጉ ከሚነሣበት ወንበር ርቆ ማዕዘን ላይ ተሰቀለ።

«ስልክዎስ ጋሼ?» አለች ልጅቱ ጣቷን ወደ ጋውናቸው ኪስ እየጠቆመች።

ዶክተር አይዞህ ኪሳቸውን በእጃቸው ሸፈኑ፤ እንደ ሌባ ወደ ግራ ወደ ቀኝ አዩ። ከዚያ ስልካቸውን አውጥተው መውጫው በር ጋ ባለው መሳቢያ ውስጥ አስቀመጡት። «ጨርሰሽ አራቆትሽኝ» አሉ።

ታላቅ እህታቸው የመጡት በቀጣዩ ሳምንት ነው። ሐኪሞቻቸው ደማቸውን መርምረው፣ ቀኑ ይሁን ብለው፣ የቀኑም የመጀመሪያ ታካሚ እንዲሆኑ ተደርጎ ነበር። ልጃቸው በሩ ጋ ቆመች፤ እጆቿን አጣምራ ሁሉን ታያለች። ረዳቷ በዓይናቸው ፊት አዲሱን ሽፋን ዘርግታ ኪቦርዱን አለበሰችው።

«ይኼ ደግሞ የዝናብ ልብስ ነው?» አሉ እህት።

«ዝናቡ ከአፍሽ ነው የሚመጣው እትዬ» አሉ ወንድም።

ማደንዘዣው ተሰጠ። የእህታቸው መንጋጋ እስኪደነዝዝ ዶክተር አይዞህ ድዱን በጣታቸው ፈትሸው፣ የሥሩን መጣመም ሊያዩ ቀና አሉ። ቀኝ እጃቸው ለዓመታት እንደለመደው ወደ ማውሱ ተወረወረ። መንገድ ላይ ቆመ። እሳቸው ቀኝ እጃቸውን ወደ ኋላ መለሱት፤ ግን የት እንደሚያኖሩት አላወቁም። ወንበሩም አይነካም፤ መብራቱም አይነካም፤ ጋውኑም አይነካም። ሁለቱንም እጃቸውን ወደ ላይ አንሥተው በክፍሉ መሀል ተገትረው ቀሩ።

እህታቸው ከወንበሩ ላይ ቀና ብለው አዩአቸው። በደነዘዘ ምላሳቸው፣

«ምን ሆነህ ነው? ማን ማረከህ?» አሉ።

ረዳቷ ማውሱን እንደያዘች በሳቅ ፈነዳች። ልጅቱም ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋ ወደ ለቅሶ ተቀየረና ፊቷን ወደ ኮሪደሩ አዞረች። ዶክተር አይዞህ ከጭንብላቸው ሥር ፈገግ እያሉ፣ እጃቸው እንደተሰቀለ፣ «ልጅሽ ናት የማረከችኝ» አሉ። ወደ ረዳቷም ዞሩ። «አንቺ፣ ራጁን ትንሽ አጉዪልኝ። ወደ ግራ። በቃ። አሁን አይዞሽ እትዬ፣ እኔ እያለሁ ምን ትሆኛለሽ?»

ጥርሱ ያለ ችግር ወጣ። ቁስሉ በቀጠሮው ሲታይ አላመረቀዘም፤ ድዱ ንጹሕ ሮዝ ሆኖ ገጥሟል።

አንባቢ ሆይ፣ ጥቅሙ በዚህ ብቻ አላበቃም። በልሙጡ ኪቦርድ ውስጥ ብናኝ ስለማይገባ ቁልፎቹ መጣበቃቸው ቀረ። ሣጥኑ ከጭጋጉ ስለራቀ አየር መሳቢያው አልታፈነም፤ ጥገናም ቀነሰ። ረዳቷ ማውሱን ስለያዘች ራጅ ማንበብ ተማረች፤ ሐኪሙም በየደቂቃው ከአፍ ወደ ስክሪን መዝለላቸው ቀርቶ ሥራቸው ፈጠነ። ውጭ የሚጠብቁት ሰዎች በሩን አልሰበሩም፤ እንዲያውም ሽፋን ሳይቀየር የተጠሩ መስሏቸው «የኔስ?» ብለው የሚጠይቁ መጡ። ከሁሉም በላይ ግን ቀድሞ ሁለቱም «አይታወቅም» ብለው ይፈሩት የነበረው ነገር ላይ አሁን ቢያንስ የሚቻለው ሁሉ ይደረጋል። ለሰው ጤና የቆመ ሰው ከዚህ የበለጠ እንቅልፍ የሚሰጠው ነገር የለውም። የጥርስ መንቀያ የሚቀቀለው ወግ ስለሆነ አይደለም፤ ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው አፍ ስለሚሄድ ነው። በዚያው መንገድ የሚጓዝ ሁሉ፣ ብረትም ይሁን ፕላስቲክ፣ የትናንትም ይሁን የዛሬ፣ በአንድ ሕግ ሊዳኝ ይገባዋል።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ የዶክተር አይዞህ ስልክ ጮኸ። አንሥተው «ሄሎ» አሉ። መልስ የለም። ከወዲያ የሚሰማው ቀርጨም፣ ቀርጨም የሚል ድምፅ ብቻ ነው።

«ሄሎ? ማን ነው? መሥመሩ ተበላሸ እንዴ?»

ቀርጨም።

ስልኩን ከጆሯቸው አንሥተው አዩት፤ የእህታቸው ስም ነው። ደነገጡ። «እትዬ! ምን ሆነሽ ነው? የምን ድምፅ ነው እሱ?»

«ካሮት ነው!» አሉ ታላቅ እህታቸው፣ አፋቸው እንደሞላ። «ጥሬውን! ጥርሱ በወጣበት በኩል! ከመታመሜ በፊት ጀምሮ በዚያ በኩል አኝኬ አላውቅም። ስማ!»

ዶክተር አይዞህ ጥሬ ካሮት ገና እንዳልፈቀዱላቸው ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ። ከዚያ መልሰው ዘጉት፤ ወንበር ስበው ተቀመጡና ሰሙ።